ድንጉላና ሠራተኛ ንብን በእጭነታቸው መለየት

በላሊበላና በላስታ ደጋ ንብ ማነብ ከጥንት የመጣ ሙያ ነው። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንብ እንደ ከበበውና ስሙም ከዚሁ እንደ መጣ በትውፊት ይነገራል። ይሁን እንጂ ዛሬም ቢሆን የቀፎዋ እናት ስትሞት ወይም ስትደክም በወቅቱ ካልታወቀ ቀፎው ባዶ ይቀራል። ይህን ቀድሞ ለማወቅ የሚረዳው ወንዱን እጭ ከሴቷ መለየት ነው።

በልማድ የቀፎዋን እናት «አውራ» እንላታለን። ቃሉ ወንድ ያስመስላታል እንጂ አውራዋ ሴት ናት። ሠራተኞቹም ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ድንጉላዎቹ ብቻ ናቸው። ሴት ንብ ከተዳቀለ እንቁላል ስትፈለፈል ድንጉላ ግን ካልተዳቀለ እንቁላል ይፈለፈላል። ይህንንም ያን ጀርዞን የተባለ የሲሌዢያ ቄስ በ1845 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

እንቁላሉንና ለጋውን እጭ በዓይን አይቶ ጾታውን መለየት አይቻልም። የሚለየው በሚያድግበት የእንጀራ ዓይንና በሰም ክዳኑ ነው።

ሀ) የሠራተኛ ዓይን ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ክዳኑ ጠፍጣፋ ነው። ሠራተኛዋ በ20 ቀን ገደማ ትወጣለች።

ለ) የድንጉላ ዓይን 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ክዳኑ እንደ ጥይት ራስ ያበጠ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእንጀራው ታችኛ ጠርዝ ይገኛል። ድንጉላው በ24 ቀን ገደማ ይወጣል።

ሐ) የአውራ ቤት እንደ ኦቾሎኒ ቅርፊት ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው።

በአበባ ወቅት በጠርዝ ላይ ጥቂት የድንጉላ ክዳን መታየቱ የጤና ምልክት ነውና ሊያሳስብ አይገባም። አደጋው ያበጡት ክዳኖች በጠባቡ የሠራተኛ ዓይን ላይ፣ በእንጀራው መካከል፣ ተበታትነው ሲታዩ ነው። ይህ ሲሆን እንቁላሎቹን መመርመር ያስፈልጋል። በአንድ ዓይን አንድ እንቁላል ብቻ ከታችኛው ወለል ላይ ከተገኘ አውራዋ አለች፤ ነገር ግን ደክማለች ወይም አልተዳቀለችም። በአንድ ዓይን ብዙ እንቁላል በግድግዳው ላይ ጭምር ከተገኘ አውራዋ ሞታ ሠራተኞች እንቁላል መጣል ጀምረዋል።

በመጀመሪያው ሁኔታ ደካማዋን አውራ አስወግዶ ከጠንካራ ቀፎ እንቁላልና ከ3 ቀን ያልበለጠ እጭ ያለበትን እንጀራ መስጠት ነው። ንቦቹ ከዚያ አዲስ አውራ ያሳድጋሉ። እንጀራው ከባህላዊ ቀፎ የሚወሰድ ከሆነ ቁራጩን በክር ከፍሬም ጋር ማሰር ይቻላል። በሁለተኛው ሁኔታ ግን ንቦቹ የተሰጣቸውን እጭ አውራ አድርገው የማሳደጋቸው ተስፋ አነስተኛ ስለሆነ፣ ከጠንካራ ቀፎ አጠገብ አራግፎ መቀላቀል ይሻላል።

አንድ ቀፎ ብቻ ያለው ገበሬ እጭ የሚበደርበት ሌላ ቀፎ የለውም። ስለሆነም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባሎቻቸው እንጀራ የሚበዳደሩበትን መንገድ ቢያመቻቹ፣ የልማት ሠራተኞችም በጉብኝታቸው ክዳኖቹን ለገበሬው እያሳዩ ቢያስተምሩ፣ ባዶ ሊቀር የነበረ ቀፎ ይተርፋል።