መንገድ በድንበር ላይ እንዳይቆረጥ

መንገድ የሚጠራው በመነሻውና በመድረሻው ስም ነው፤ የሚፈተነው ግን በመካከሉ፣ ይልቁንም የሁለት አስተዳደር ወሰን በሚገናኝበት ስፍራ ነው። የዚህም ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከወሰኑ ወዲህ ያለው ሹም እስከ ወሰኑ ድረስ ይጠነቀቃል፤ ከወሰኑ ወዲያ ያለውም ከወሰኑ ጀምሮ ያስባል፤ ወሰኑ ራሱ ግን የማንም ሳይሆን ይቀራል። መንገደኛ ደግሞ የሚሄደው ከሹም ወደ ሹም ሳይሆን ከቤቱ ወደ ጉዳዩ ነውና፣ ሁለቱ ሹማምንት በየበኩላቸው ሥራቸውን በሚገባ ፈጽመው ሳሉ እርሱ በመካከል ሲቸገር ይገኛል።

ይህን ነገር በምሳሌ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው የአዊን አገር ይመልከት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ዋና መንገድ እንጅባራ ሲደርስ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ምዕራብ ያወጣል። ይህ ቅርንጫፍ ቻግኒን አልፎ ከአማራ ክልል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ይገባና በግልገል በለስና በማምቡክ በኩል ወደ ጉባ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ካለበት ከሱዳን ወሰን አጠገብ ይደርሳል። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ የግድቡ ውኃ ሲሞላ የሚደርስበት ከፍታ 640 ሜትር ነው። እንግዲህ ይህ አንድ መንገድ ድንች የሚበቅልበትን ደጋ ሰሊጥና ማንጎ ከሚበቅልበት ቆላ ጋር ያገናኛል ማለት ነው። ከዳንግላ ወደ ጃዊ የሚወርደውም እንዲሁ ወደ በለስ ሸለቆና ወደ ጣና በለስ የስኳር ፋብሪካዎች ያደርሳል።

ይህ የደጋና የቆላ ግንኙነት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሰባት ቤት አገው እየተባሉ የሚጠሩት አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ቋቁራ፣ ዚገምና መተከል ሲሆኑ፣ የሰባት ወንድማማች ልጆች ናቸው ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። መተከል እንግዲህ ከሰባቱ ቤቶች የአንዱ ስም ነው። ይህን መጥቀሳችን የወሰን ክርክር ለመቀስቀስ አይደለም፤ ዝምድና ከወሰን በፊት እንደ ነበረ ለማሳሰብ ነው እንጂ። በዳንግላም የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል አቁሞ ነበር። ከ1918 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዚያ የተቀመጠው ሜጀር ቺስማን የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ከመመርመሩም በላይ፣ በሱዳን ወሰን ላይ የሚደርሰውን ጉዳይ ይከታተል ነበር።

መንገድ የሌለበት ወሰን ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነም በጦርነት ጊዜ ታይቷል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሱዳንን ወሰን ተሻግረው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ፣ ሠራዊቱ በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ የወጣው የተሠራ መንገድ በሌለበት ዱር ነበር። ስንቅና ጥይት የተሸከሙት በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ በዳገቱና በብርዱ አለቁ። ከዚያ ወዲህ ከ80 ዓመት በላይ አልፏል፤ ዛሬ በዚያ አገር መኪና ይሄዳል። ዛሬ የጎደለን መንገድ ብቻ አይደለም፤ መንገድን በአንድነት የማሰብ ልማድ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል ያልን እንደ ሆነ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንኡስ አንቀጽ 9 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ክልሎችን የሚያገናኙትን አውራ መንገዶች ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1231 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች፣ ክልሎችም እርስ በርሳቸው የሚገናኙበትን ሥርዓት ወስኗል። ስለዚህ አውራው መንገድ ባለቤት አለው፤ የመገናኛውም ሥርዓት ተጽፏል። ነገር ግን አውራ መንገድ ያለ መጋቢ መንገዶች ግንድ እንጂ ዛፍ አይሆንም። የጓንጓ ወረዳ ከማንዱራ፣ የጃዊም ወረዳ ከፓዌ ጋር ይዋሰናሉ፤ በእነዚህ ወረዳዎች መካከል ገበሬው የሚመላለስባቸው ትንንሽ መንገዶች እያንዳንዳቸው ሁለት ወረዳ፣ ሁለት ዞንና ሁለት ክልል ያዝዙባቸዋል። ብዙ አዛዥ ያለበት ሥራ ደግሞ አዛዥ እንደሌለው ይቆጠራል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ወረዳዎች በየበኩላቸው የጠጠር መንገድ ሠርተው በወሰናቸው ላይ ወዳለው ወንዝ አደረሱት እንበል። ድልድዩን ማን ይሥራው? አንደኛው ወረዳ ግማሽ ድልድይ በበጀቱ አይጽፍም፤ ሁለተኛውም እንደዚሁ። ግማሽ ድልድይ ደግሞ በዓለም የለም። ስለዚህ ሁለቱም የሠሩት መንገድ በበጋ ለከብት መውረጃ ሲሆን፣ በክረምት ግን ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ሆና ወንዙ እስኪጎድል የምትጠብቅበት ስፍራ ሆኖ ይቀራል። በሪፖርቱ ግን ሁለቱም ወረዳዎች መንገዱን መቶ በመቶ ፈጽመዋል።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነገር ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሐምሌ ደግሞ በአዊ ደጋ ዝናም የሚበረታበት ወር ነው። አፈር የሚቆፈርበትና ጠጠር የሚደለደልበት ደኅና ወራት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ነው። አንደኛው መሥሪያ ቤት ጨረታውን በጥቅምት ጨርሶ በኅዳር ሥራ ቢጀምርና ሌላው በየካቲት ቢጀምር፣ የኋለኛው በግንቦት ዝናም ተይዞ ሥራውን ሳይፈጽም ይቀራል። የፊተኛው የሠራውም ክፍል የሚያደርስበት አጥቶ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይበላዋል። እንዲህ ሲሆን የጠፋው የአንዱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሁለቱም ነው።

ሦስተኛው የማጓጓዝ ነገር ነው። በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል በማክሰል የሚኖረው፣ በባንጃ ድንች፣ በመተከልም ሰሊጥ የሚያመርተው ገበሬ ሁሉ ምርቱን በመኪና ወደ ገበያ ይሰዳል። ይህን መኪና የመንገድ ሹም ስለ ክብደቱ፣ የገቢ ሹም ስለ ቀረጡ፣ የደን ሹም ስለ ፈቃዱ፣ የጸጥታ ሹም ስለ ጭነቱ ሊጠይቀው ይችላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አራቱ ጥያቄዎች በአራት ስፍራ መሆናቸው ቀርቶ በአንድ ስፍራ ቢሆኑ ሕጉ አይጎድልበትም፤ ገበሬው ግን አንድ ቀን ያተርፋል።

ይህ ሁሉ የቢሮ ክርክር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር 2013 ዓ.ምን ያስታውስ። በመተከል በደረሰው ግድያ ምክንያት በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀው ወደ ቻግኒ መጡ፤ ራንች በተባለው ስፍራም ተጠለሉ። በዚያ ወራት የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ግብረ ኃይል ሥር ተሰብስበው እንዲሠሩ ተደረገ። በመከራ ጊዜ መሰብሰብ ከተቻለ በደኅና ጊዜ ለምን አይቻልም? ደግሞስ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ በአንድ ሐኪም ቤት ሲታከሙ፣ በአንድ ድልድይ ሲሻገሩ፣ ጠብ ለማንሣት የሚያስቡት ሰዎች ሰሚ ያጣሉ። መንገድ ብቻውን ሰላምን አይፈጥርም፤ የተዘጋ መንገድ ግን ለጥርጣሬ ጥሩ ማሳደሪያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የደረሰው የጸጥታ መደፍረስም ሥራውን አክብዶታል። ይሁን እንጂ መተለም አፈር መቆፈር አይደለምና፣ ቆፋሪው እስኪመጣ ድረስ ትልሙ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ይህን ጉዳይ ዛሬ የሚያስቸኩለው ሌላም ነገር አለ። የግድቡ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ተመረቀበት እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ የእንጅባራና የጉባ መንገድ ለግድቡ ሥራ የሚሆን ዕቃ ከተመላለሰባቸው መንገዶች አንዱ ነበር። የሠርግ ቤት መንገድ እስከ ሠርጉ ቀን ድረስ ይጠረጋል፤ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ግን ጠራጊው ማን እንደ ሆነ ካልተወሰነ ሣር ይበቅልበታል። ግድቡ ሲመረቅ የመንገዱ ሥራ አልተፈጸመም፤ ይልቁንም ከዚህ በኋላ ለገበሬው፣ ለነጋዴውና በአዲሱ ሐይቅ ዓሣ ለሚያጠምደው ሁሉ ማገልገያ የሚሆንበት ጊዜ ገና መጀመሩ ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ችግር በጥበብ ያቃለሉ አሉ። በአሜሪካ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ የተባሉት ሁለት ግዛቶች አንድ ወደብ ይጋራሉ፤ በመካከላቸውም ሃድሰን የተባለ ወንዝ ያልፋል። ስለ ወደቡ ብዙ ዘመን ሲከራከሩ ከኖሩ በኋላ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1921 አንድ የጋራ ባለሥልጣን አቋቋሙ፤ በ1931ም በዚያ ወንዝ ላይ በጆርጅ ዋሽንግተን ስም የተሰየመው ታላቅ ድልድይ ተከፈተ። አንዱ ጫፉ በአንዱ ግዛት፣ ሌላው ጫፉ በሌላው ግዛት ሆኖ ሳለ አስተዳዳሪው ግን አንድ ነው። ከቅርብ ብንወስድም ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን አዲሱን የባቡር መንገድ ሁለቱ መንግሥታት በአንድ ማኅበር ተካፍለው ይዘውታል። ሁለት መንግሥታት በአንድ ሐዲድ ከተስማሙ፣ በአንድ መንግሥት ጥላ ሥር ያሉ ሁለት ክልሎች በአንድ የጠጠር መንገድ ሊስማሙ የማይችሉበት ምክንያት አይታየንም።

ከመጻሕፍትም ምሳሌ አይታጣም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ሥራውን ለየወገኑ አካፍሎ ሰጠ። መጽሐፉ በሦስተኛው ምዕራፍ የሚነግረን ማን ምን ያህል እንደ ሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ከማን አጠገብ እንደ ሠራም ጭምር ነው። የአንዱ ድርሻ በሚያልቅበት የሌላው ይጀምር ስለ ነበር በመካከል ክፍት ስፍራ አልቀረም፤ ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። በዚያው ምዕራፍ ግን ስለ ቴቁሐ ሰዎች የተጻፈ አንድ ነገር አለ፤ ሕዝቡ ሲሠራ ታላላቆቻቸው ለሥራው አንገታቸውን ዝቅ ለማድረግ እንቢ ማለታቸው ተመዝግቦ ይኖራል። ሥልጣን ያለን ሁሉ ይህን ስናነብ ስለ ጥንት ሰዎች ብቻ የተጻፈ አይምሰለን።

ስለዚህ እኛ የሚመስለንን እንናገር። አንደኛ፣ የአዊና የመተከል የመንገድና የትራንስፖርት ሹማምንት፣ ከፌዴራሉ የመንገድ መሥሪያ ቤት ከሚላክ ሰው ጋር፣ በጀት ከመጽደቁ በፊት በየዓመቱ በሚያዝያ ወር አንድ ዓመት በቻግኒ አንድ ዓመት በግልገል በለስ እየተሰበሰቡ፣ ወሰን የሚሻገሩትን መንገዶችና ወንዞች በአንድ መዝገብ ይጻፉ። ሁለተኛ፣ በወሰን ላይ ያለ እያንዳንዱ ድልድይ አንድ ሠሪና አንድ ጠጋኝ ይሰየምለት፤ ሌላው ወገን የሚያዋጣው ድርሻ በጽሑፍ ይወሰን። ሦስተኛ፣ የመንገዱ ስፋት፣ የውኃ መውረጃውና የሚሸከመው ክብደት ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ አንድ ይሁን፤ ጨረታውም በአንድ ወር ይውጣ። አራተኛ፣ የጭነት ምርመራ በአንድ ስፍራ ይሁን። አምስተኛ፣ የተወሰነው ሁሉ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገር፤ ሕዝብ የሚያውቀውን ውል ማፍረስ ያስቸግራልና።

የእኛ በጀት በእኛ ምክር ቤት የጸደቀ ስለ ሆነ ከወሰናችን ውጭ ሊወጣ አይገባም የሚል ሹም ይኖር ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ የሕዝብን ገንዘብ መጠንቀቅም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ወደ የትም የማያደርስ መንገድ መሥራት ገንዘቡን በወሰን ውስጥ ማስቀረት ሳይሆን በወሰን ውስጥ መቅበር ነው። በውልና በደረሰኝ የሚሰጥ መዋጮ ግን ሒሳቡ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ጥቅሙም ለመራጩ ሕዝብ ይታያል።

ካህናትና የአገር ሽማግሌዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ የትኛው ዳገት እንደሚናድ፣ ሕዝቡ ለለቅሶ፣ ለክብረ በዓልና ለገበያ በየት እንደሚያልፍ ከሩቅ ከሚመጣ መሐንዲስ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ ፈረሶቹ እርስ በርሳቸው ሳይጋጩ አብረው የሚሮጡት ጋላቢዎቹ እየተያዩ ስለሚጋልቡ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችንም እንደዚሁ እየተያዩ ቢሠሩ፣ ከእንጅባራ የተነሣ መንገደኛ የአንዱ ሹም ግዛት አልቆ የሌላው መጀመሩን ከመንገዱ ብልሽት ሳይሆን ከተተከለው ምልክት ብቻ ያውቀዋል።