የሐምሌን ጎርፍ ለመስከረም



ከወሎና ከሐረርጌ ገጠር የመጣን ተማሪዎች ይህን በዓይናችን አይተናል፦ በሐምሌ ማሳ ጠርጎ የሚሄደው ውሃ፣ በመስከረም ማሽላው ፍሬ ሊይዝ ሲል ጠብታው አይገኝም። ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆም ለዝናብ ዱዓ እናደርጋለን። ዱዓው እንዳለ ሆኖ ሰበቡን ማድረስም የኛ ፈንታ ነው። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በጥጋቡ ዓመታት እህል ለረሃቡ ዘመን እንዲቀመጥ መክረው የለ?

ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በ500 ሚሊ ሜትር ዝናብ 20,000 ሊትር ይቀበላል፤ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ 16,000 ሊትር ይቀራል። ይህ ለቤትና ለጓሮ አትክልት ይረዳል።

ለማሳ ግን ጎርፉን መያዝ ያስፈልጋል። የራያ ቆቦ ገበሬዎች ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በድንጋይ ክትር ጠልፈው እርሻቸውን ያጠጣሉ። ኩሬ ያለው ገበሬ ደግሞ ዝናብ ሲቋረጥ አንድ ሁለት ጊዜ ቢያጠጣ ሰብሉን ሊያተርፍ ይችላል።

ታዲያ ለምን ብዙ ኩሬ ደርቆ ቀረ? ከ1995ቱ ድርቅ በኋላ በየወረዳው የቤተሰብ ኩሬ ተቆፍሮ ነበር። በብዙዎቹ ውሃው ወደ መሬት ሰረገ፣ ፀሐይ አተነነው፣ ደለል ሞላቸው፤ ለወባ ትንኝ መራቢያ የሆኑም ነበሩ። መፍትሔው ይታወቃል። ወለሉ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍበታል ወይም በሲሚንቶ ይለሰናል። ከመግቢያው በፊት ደለል የሚቀርበት ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከላይ ይሸፈናል፣ ልጅና ከብት እንዳይገባ ይታጠራል።

ከቴክኒኩ የሚከብደው የጎረቤት ሐቅ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ጎርፉን ሁሉ ከያዘው የታችኛው ማሳ ይደርቃል። ዙበይር (ረ.ዐ) እና አንድ የአንሷር ሰው በመስኖ ውሃ ሲጣሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የላይኛው አጠጥቶ ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ መፍረዳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ክትር ከመሠራቱ በፊት የታችኞቹ ገበሬዎች አብረው መማከር ያለባቸው ለዚህ ነው።

ለእረፍት ወደ ቤተሰብ ስንሄድ በመንደራችን የደረቀ ኩሬ ካለ ለምን እንደደረቀ እንጠይቅ። ምናልባት የጎደለው አንድ ፕላስቲክ ብቻ ይሆናል። እሱን አዋጥተን ብናነጥፍ፣ ውሃው ሰውና እንስሳ እስከጠቀመ ድረስ ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆንልናል፣ ኢንሻአላህ።