ሴራ የሚበቅልበት አገር

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያምን ሲያሠሩ ዘውድ ሊደፉበት አስበው እንደነበር ይነገራል። አቡነ ሰላማን እ.ኤ.አ. በ1841 ከግብፅ ያስመጡትም እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑም ጳጳሱም ተሟልተው ሳለ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ገጠሟቸውና ድል አድርገው ማረኳቸው። ቀናት ሳይቆዩ ካሣ፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ከሁለቱ የተወለደው ዓለማየሁ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በሰው አገር አረፈ።

ልብ ወለድ መጻፍ ለሚፈልግ ወጣት ሴራ ምን እንደሆነ ማሳየት ካለብኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። በትምህርት ቤት ሴራን የምንተዋወቀው በክፍሎቹ ነው፤ ግጭት ይጀመራል፣ ይካረራል፣ ጡዘት ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ልቀት ይመጣል። ትክክል ነው፤ ግን ለሚጽፍ ሰው መነሻ አይሆነውም። መነሻ የሚሆነው ምክንያት ነው። አንድ ድርጊት ሌላውን ካልወለደው፣ ተከታትለው የተጻፉ ድርጊቶች ቢሆኑም ሴራ አይሆኑም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንዱን ድርጊት አውጥቶ የቀረውን ማንበብ። የቀረው ሳይናጋ ከቆመ፣ የወጣው ነገር ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር። ከደረስጌው ታሪክ የውቤን የዘውድ ምኞት አውጡት። ካሣ ድል ያደርጋሉ፣ ይነግሣሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ተራ የበዓል ቦታ ይሆናል፣ የጳጳሱም እጅ ትርጉሙን ያጣል።

ስለዚህ የሴራ ሐሳብ ፍለጋ የሚጀምረው ከፍላጎት ነው። ማን ምን ይፈልጋል? ምን ይከለክለዋል? ካገኘውስ ምን ያስከፍለዋል? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል፤ ሐሳቦች ሃያ ገጽ ላይ የሚሞቱትም በአብዛኛው በዚህ ይመስለኛል። የቴዎድሮስን ዘመን ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ልብ ወለድ አድርገውታል። ነገሩ ግን አላለቀም። እኔ ብሆን ከጥሩወርቅ እነሳ ነበር። አባቷ የተሸነፈ ምርኮኛ፣ ባሏ ደግሞ ማራኪው። ለአንዱ ብታደላ ሌላውን ትከዳለች። ዝም ብትል ሁለቱንም። እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ ሴራው ራሱን ይጎትታል፤ ለጸሐፊው የሚቀረው መከተል ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ለልብ ወለድ ብቻ አይደለም። የሚና ጨዋታ የሚባለው ሌላው የትረካ ዓይነት በእኛ አገር ገና በጥቂቶች ዘንድ ነው የሚታወቀው። በመጽሐፍና በዳይስ የሚጫወቱትን መልኩን ያስጀመሩት አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው፤ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ መሪ ይሆንና ያሉበትን ቦታና የገጠማቸውን ነገር ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ ይህን አደርጋለሁ» ይላሉ። ድርጊቱ አጠራጣሪ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ተጥሎ ይሳካ አይሳካ ይለያል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ የሚተርፋቸው አብረው የፈጠሩት ታሪክ ነው።

ለእኛ ይህ ባዕድ አይደለም። እቃቃ የተጫወተ ልጅ ሁሉ እናት ወይም እንግዳ ሆኖ ያልተጻፈ ድርሰት ተውኗል። እንቆቅልሽም ቢሆን መልሱን ያጣው «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ደብረ ታቦርን ይሰጣል፤ የተሰጠው ደግሞ እዚያ ሄዶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ለተሸናፊው ምን እንዳስተረፈለት እየፈጠረ ይተርካል። ማንም አስቀድሞ ያልጻፈው፣ በአፍ እየተበጀ የሚሄድ ትረካ ነው። የዛሬ ወጣቶች የሚና ጨዋታ ሲያሰናዱ የባዕድ ግንብና ዘንዶ ተውሰው ሲደክሙ ማየት የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ልብ ወለድና የሚና ጨዋታ የሚለያዩት በመጨረሻው ላይ ነው። ደራሲ ጥሩወርቅ የምትመርጠውን ያውቃል፤ የጨዋታ መሪ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። መጨረሻውን ወስኖ የመጣ መሪ ተጫዋቾቹን ወደዚያ ለመንዳት መንገዱን ሁሉ ሲዘጋባቸው ያመሻል። መሪው ሊያሰናዳው የሚገባው የተወጠረ ሁኔታ ነው። ሁኔታው ይበልጥ የሚወጠረው ደግሞ ክፉ ሰው ሲኖርበት ሳይሆን ሁሉም እውነት ሲኖራቸው ነው።

ለእንዲህ ያለ ሁኔታ የስሜኗ ጊች ጥሩ ምሳሌ ናት። ከሳንቃበር ተነስተው የጂንባርን ወንዝ ተሻግረው የሚወጡባት አምባ ናት፤ ከፍታዋ 3,600 ሜትር ገደማ። ጅብራ የበቀለበት ሜዳ አላት፤ ከሜዳው ጫፍ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው እሜት ጎጎ ወደ ቆላው ቁልቁል ይመለከታል። ለትውልድ ገብስ የሚዘራባት፣ ከብት የሚሰማራባት መንደርም ነበረች። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። እርሻውና ግጦሹ ዋልያውን እየገፋው ነበር፤ ዋልያ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ የጊች አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ።

ዋልያውን የሚጠብቀው ሰው እውነት አለው። የአያቱን መቃብር ጥሎ የወረደው ገበሬም እውነት አለው። ከደጋ እርሻ ወጥቶ በከተማ ኑሮ የሚጀምር ሽማግሌ፣ ከተማውን የወደደ ልጁ፣ ወደ አምባው ቀና እያለ የሚቆዝም ጎረቤቱ፣ በአንድ ግቢ ሦስት ፍላጎት ይዘው ይኖራሉ። ይህን የመሰለ ጉዳይ በእውነተኛ ሰዎች ስም መጫወቻ ማድረግ ነውር ነው። ስሙንና ቤተሰቡን ፈጥሮ፣ ሕመሙን አክብሮ መጻፍ ግን የልብ ወለድ ሥራ ነው።

አንድ ሐሳብ እንሞክር፤ ሰዎቹ ሁሉ የተፈጠሩ ናቸው። በፓርኩ ስካውት፣ ማለትም ጠባቂ፣ ሆኖ የተቀጠረ ወጣት አለ፤ አባቱ ከአምባው ወደ ደባርቅ የወረዱ ናቸው። አንድ ማለዳ በተከለከለው ሜዳ ላይ የሚግጡ ሦስት ላሞች ያገኛል፤ ምልክታቸውን ያውቀዋል፣ የአባቱ ናቸው። ልብ ወለድ ከሆነ ደራሲው ከልጁ ጋር ይቆያል። ቢያስይዛቸው አባቱን ያጣል፤ ቢያልፋቸው ለነገ ጠባቂነቱ ምን ይቀራል? አባትየውስ ላሞቹን የላኩት ሣር አጥተው ነው ወይስ ልጃቸውን ሊፈትኑ? ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን መጽሐፍ ያቆማል።

ጨዋታ ከሆነ ግን ሌሎች ሰዎች መጨመር አለባቸው፤ የስሜን ጉዞ ደግሞ እነሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከደባርቅ የሚነሳ የእግር ተጓዥ ቡድን አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ወጥ ቤትና ባለ በቅሎ ይኖረዋል። አራቱም አንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ የሚፈልጉት ግን አንድ አይደለም። አስጎብኚው እንግዳው ደስ ብሎት እንዲመለስ ይፈልጋል፣ ስሙ የሚገነባው በዚያ ነውና። ባለ በቅሎው ከብቶቹ ሲወጡ አይቶ ዝም ብሏል፤ ከአባትየው ጋር ዝምድና አለው። ወጥ ቤቷ ወደ ማደሪያቸው ወደ ጨነቅ ሳይመሽ መድረስ ትሻለች፤ ከቆላው የሚወጣው ጉም ከሸፈናቸው የገደሉ ጫፍ አይለይም። ስካውቱ ያው የአባትየው ልጅ ነው። እንግዳው ካሜራውን ወደ ላሞቹ አዙሯል። አራት ተጫዋች አራቱን ይያዝ፤ መሪው እንግዳውንና አባትየውን ይውሰድ። ከዚህ ወዲያ ማን ማንን እንደሚያሳምን፣ ፎቶው ይጥፋ ወይስ ይቀመጥ፣ ጠረጴዛው ይወስናል።

ቦታው ራሱ ደንብ ይሆናል። አምባው በገደል የታጠረ ነው፤ ስለዚህ ላሞቹን የሚያወርድ መንገድ ጥቂት ነው፣ በዚያ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ። ሌሊቱ ውሃ ያረጋል፤ ስለዚህ «ነገ እንነጋገር» ማለት ዋጋ አለው። ጅብራው ከሰው ይረዝማል፤ በጉም ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላል። መሪው እነዚህን ሲጠቀም ዘንዶ አያስፈልገውም።

መሪው በወረቀት ጽፎ መምጣት ያለበት አንድ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ተጫዋቾቹ ምንም ባያደርጉ የሚሆነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ሌላ ስካውት ላሞቹን ያያል። በሁለተኛው ቀን ወሬው ደባርቅ ይደርሳል። በሦስተኛው አባትየው ራሳቸው፣ በእግራቸው፣ ወደ ጊች ሽቅብ ይነሳሉ።