ሳይበላሽ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ

የአገልግሎት ጊዜው ያበቃ ዕቃ፣ ይዘቱ ባይበላሽም፣ ገዢ የለውም። የሶፍትዌር ገበያም ይህንኑ ችግር ያውቀዋል።

ፋየርፎክስ በተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ የሚገጠሙ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ከስንተኛው እስከ ስንተኛው እትም እንደሚሠሩ በቁጥር ይገለጽባቸው ነበር። ቁጥሩ ካለፈ ማሰሻው ፕሮግራሙን ያግደዋል። አዲስ እትም ከስንት አንዴ ሲወጣ ደንቡ እምብዛም አላስቸገረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞዚላ በየስድስት ሳምንቱ አዲስ እትም ማውጣት ሲጀምር ግን፣ በተለይ ከሞዚላ ማከማቻ ውጪ የሚታደሉ ፕሮግራሞች ምንም እንከን ሳይኖርባቸው በቁጥራቸው ብቻ ይታገዱ ጀመር። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ግለሰቦች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በየስድስት ሳምንቱ ቁጥር እንዲያድሱ መጠበቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የዋህነት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በወጣው 10ኛ እትም ደንቡ ተገለበጠ። አይሠራም ያልተባለ ሁሉ ይሠራል ተብሎ ተወሰደ። ከማሰሻው ውስጣዊ አካል ጋር በጥብቅ የተሣሠሩት ግን በአሮጌው ደንብ ቀሩ።

ከባዱ ዱላ ያረፈው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2017 የወጣው 57ኛ እትም በአሮጌው ስልት የተሠሩትን ተጨማሪዎች በሙሉ መቀበል አቆመ። የማሰሻውን ውስጥ እንዳሻቸው ስለሚነካኩ ለፍጥነቱ ማሻሻያ እንቅፋት ሆነው ነበር። ሠሪው እንደገና ካልጻፈው፣ ተጠቃሚው የለመደውን መሣሪያ አጣ። ለድርጅቶች ተብሎ በተዘጋጀው 52ኛ እትም የቆዩ ደንበኞች ጥቂት ወራት አተረፉ፤ የእሱም ድጋፍ በ2018 ተቋረጠ።