«ማስመሰል» ወይስ «አምሳለ ሂደት»?
ድምፅ በአየርና በጠጣር አካል መካከል ስለ መሸጋገሩ የቀረቡ ስያሜዎች

በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ከተማ በሆነችው በማንቡክ ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ዝናቡ ገና አያባራም። በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚያስተምር መምህር ዝናቡ ሲበረታ ድምፁ ይዋጣል፤ በሣር ክዳን ሥር የተቀመጠ ሰው ግን በዚያው ዝናብ ጨዋታውን ይቀጥላል። የዚህን ልዩነት ምክንያት በአማርኛ ለማስረዳት አራት ስያሜዎች ያስፈልጉናል።

አንደኛ፣ የመምህሩ ንግግር በአየር ውስጥ ስለሚጓዝ «አየር ወለድ ድምፅ» እንለዋለን። ቃሉ የጃንጥላ ወታደርን የሚያስታውሰው አንባቢ ይኖራል፤ ይሁን እንጂ «ውኃ ወለድ በሽታ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ስም ሲከተለው ፍቺው ግልጽ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ጠብታው ቆርቆሮውን መትቶ የሚያስነሣው ንዝረት «ጠጣር ወለድ ድምፅ» ነው። «ጠንካራ» ያላልነው ቃሉ ለሰው ጠባይም ስለሚነገር ነው።

ሦስተኛው «የሞገድ ተቃውሞ» ሲሆን፣ ይኸውም የአንድ ቁስ እፍግታ በውስጡ በሚጓዘው ድምፅ ፍጥነት ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል፣ በብረት ውስጥ ከ5,000 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የብረት እፍግታም ከአየር ከ6,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለሆነም በወፍራም ብረት ላይ ያረፈ አየር ወለድ ድምፅ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጥሮ ይመለሳል። ጠብታ ግን ቆርቆሮውን በቀጥታ ስለሚመታ ይህ አጥር አያግደውም፤ ቀጭኑ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ቆዳ እየተርገበገበ የክፍሉን አየር ያናውጣል። ሣር ግን የጠብታውን ጉልበት ውጦ ያስቀረዋል።

አራተኛው ስያሜ አከራካሪ ነው። ጣራው ከመሠራቱ በፊት ይህን ሁሉ በኮምፒዩተር ማስላት ይቻላል። አየሩና ቆርቆሮው በሐሳብ በጥቃቅን ክፍሎች ይከፈሉና በአየሩ በኩል ግፊት፣ በቆርቆሮው በኩል ንቅናቄ ይሰላል። በመጋጠሚያው ላይ ሁለት ሕጎች ይጠበቃሉ፦ ቆርቆሮው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቃነቅ የነካው አየር በእኩል ፍጥነት ይከተለዋል፤ የአየሩም ግፊት ቆርቆሮውን መልሶ ይጫነዋል።

ይህን ስሌት «ማስመሰል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን በአማርኛ «አስመሳይ» የሚባለው ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ ሰው ነው። ኮርኒስ ቢገባ ጩኸቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚጠይቅ መምህር «የማስመሰል ውጤት» ቢቀርብለት ሊያምነው ይቸግረዋል። ስለዚህ የነገሩን አካሄድ በአምሳያ መከተልን የሚያመለክተውን «አምሳለ ሂደት» መርጠናል።