በሁለት ሚዛን አንመዝን፦ ስለ ግብዝነትና በሌላው በደል ላይ ስለ መፍረድ

ሰሊጥ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ወራት የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አብርሃ ጅራ ከወትሮው እጅግ የበዛ ሕዝብ ታስተናግዳለች። ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች የተነሡ ወጣቶች ጥቂት ስንቅና አንድ ቅያሪ ልብስ ይዘው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ አብደራፊ እርሻዎች ይወርዳሉ። በሰሜን ምዕራቡ ቆላ በየዓመቱ የሚንቀሳቀሰው የቀን ሠራተኛ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። ከእነርሱም መካከል ብዙ ዓመት እየተመላለሰ በረሃውን የለመደው በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ» ይባላል።

እነዚህ ወንድሞቻችን በሰንበት ወይም በበዓል ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ከቅጽሩ በር አያልፉም። ነጠላ የላቸውም፤ እግራቸው አቧራ ለብሷል፤ ልብሳቸውም የእርሻ ልብስ ነው። በውስጥ ያለነው ደግሞ ዘወር ብለን እናያቸውና በልባችን እንፈርዳለን። ይህ ጾም አያውቅም፤ ይህ ያገኘውን በመጠጥ የሚያጠፋ ነው፤ ይህ በሽታ ይዞ የመጣ ነው እንላለን። ስሙን ሳንጠይቅ ነፍሱን መዝነን እንጨርሳለን። በዚህ ጽሑፍ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ እንዲህ ያለው ፍርድ ምን እንደምታስተምር፣ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናትም ትምህርቱ ምን ሥራ እንደሚያዝዝ እንመለከታለን።

«መድልው» ማን ነው?

በግእዙ ወንጌል ጌታችን ጻፎችንና ፈሪሳውያንን በሚገሥጽበት ስፍራ በአማርኛ «ግብዝ» የምንለው «መድልው» ተብሎ ይገኛል። የቃሉ ሥር «ደለወ» ሲሆን መመዘንን ያመለክታል፤ ሚዛንም በግእዝ «መዳልው» ይባላል። ዛሬ በአማርኛ ለሰው ፊት ማድላትን «መድሎ» የምንለው ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። የግሪኩ ቃል በቀድሞው አገባቡ በቴአትር መድረክ የሌላውን ሰው መልክ ለብሶ የሚጫወተውን ተዋናይ ይጠራል። ግሪኩ ግብዙን በለበሰው ጭምብል ሲያሳየን፣ ግእዙ በያዘው ሚዛን ያሳየናል። ግብዝ ማለት ለራሱ አንድ ሚዛን፣ ለወንድሙ ሌላ ሚዛን የሚይዝ ሰው ነው።

ሰሊጥ በኩንታል በሚመዘንበት አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሲገዛ የሚያከብድ፣ ሲሸጥ የሚያቀል ሚዛን የያዘ ነጋዴ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁሉም ያውቃል። ጠቢቡ ሰሎሞንም አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን ጽፏል (ምሳ. 11፥1)። ጌታችን በተራራው ስብከቱ በምንሰፍርበት መስፈሪያ እንደሚሰፈርልን የነገረንም ስለዚሁ ነው (ማቴ. 7፥2)።

በወንድሙ ዓይን ያለውን ጉድፍ አይቶ በራሱ ዓይን ያለውን ምሰሶ ስለማያይ ሰው የተነገረውን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን የምሳሌውን መጨረሻ ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። ጌታችን ጉድፉ ይቆይ አላለም፤ አስቀድሞ ምሰሶው እንዲወጣ፣ ከዚያም በኋላ አጥርቶ በማየት ጉድፉን ማውጣት እንደሚቻል አስተማረ (ማቴ. 7፥5)። ዓይን ከሰውነት ሁሉ ለንክኪ የማይመች ብልት ነው። ጉድፍ የሚያወጣ ሰው በጠራ ዓይንና በለሰለሰ እጅ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ትእዛዙ ፍርድን የሚከለክለው የወንድማችን በደል በደል ስላልሆነ አይደለም፤ ዓይናችን ሳይጠራ፣ እጃችንም ሳይለሰልስ ብንነካው የባሰ ስለምናቆስለው ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም በሌላው ሎሌ ላይ መፍረድ የእኛ ሥልጣን እንዳልሆነ፣ ሎሌው ቢቆምም ቢወድቅም ለጌታው እንደሆነ ያስገነዝበናል (ሮሜ 14፥4)። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ ሕግን የሚሰጥና የሚፈርድ አንድ ብቻ መሆኑን ያስተምራል (ያዕ. 4፥12)።

ሕመሙን ሳያውቁ መፍረድ

በዚህ ቆላ ከሚታወቁት ሕመሞች አንዱ ካላ አዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው እጅግ ትንሽ የሆነች የአሸዋ ዝንብ ናት። ሠራተኛው ሌሊቱን ሜዳ ላይ፣ በግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር አጠገብ ያለ አጎበር ስለሚያድር ለንክሻው ይጋለጣል። ትኩሳቱ ይረዝማል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። ካልታከመ ለሞት ያደርሳል፤ በጊዜው ከታከመ ግን ይድናል። በአካባቢያችንም ሕክምናው በአብደራፊና በጎንደር ይሰጣል።

እንዲህ ያለውን ከሲታ ሰው ስናይ ሕመሙን ለመጠጥ ወይም ለዝሙት የምንሰጥ ጥቂቶች አይደለንም። በቫይረሱ የተያዘ እንደሆነም ይባስ ብለን እንርቀዋለን። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የራሱ ወይስ የወላጆቹ እንደሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን ኃጢአትን ከመቆጠር አልፎ የእግዚአብሔር ሥራ ወደሚገለጥበት ነገር መራቸው፤ ወዲያውም የሰውየውን ዓይን አበራ (ዮሐ. 9፥1-7)። እኛም ለታመመ ሰው ከምርመራ በፊት የምናቀርብለት ጥያቄ ምን እንደሆነ ራሳችንን ብንመረምር መልካም ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላ አዛር በተከሠተ ጊዜ የሆነው ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። በሽታው ወደ ደጋው የገባው ከቆላው በተመለሱ ሠራተኞች እንደሆነ ይታመናል። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ስለታየ ብዙዎች ትክክለኛውን ሕክምና ሳያገኙ ሞቱ። በሽታውን ስሙን እስኪያውቁት ድረስ ሊረዱት አልቻሉም። በሚታየውና በሚመረመረው ሥጋ ላይ የሕክምና ሰዎች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ በማይታየው የሰው ልብ ላይ ከበር ቆመን የምንሰጠው ፍርድ ምን ያህል የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ረገድ የሄደችበትን መንገድ ማስታወስ ይገባል። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች በጸበል ስፍራዎች መድኃኒታቸውን እየጣሉ በነበሩበት ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስገነዘቡ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት የሚወስድን ሰው እምነት የጎደለው አድርጎ መቁጠር ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ትምህርት ነው ሊባል አይችልም።

የማናየው ምሰሶ

የቀን ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚነቀፍበት ሌላው ነገር ጾም ነው። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን የሚውለው አረም በሚፋጠንበት ወቅት ነው። በእርሻው ሠፈር የሚቀርበው ምግብ በአብዛኛው የማሽላ እንጀራና ሽሮ ነው። ሥጋና ቅቤ ሳይቀምስ ወራት ያሳለፈ ሰው ጾም አፈረሰ የሚባለው እንግዲህ በሰዓት ብቻ ነው። በቆላ ፀሐይ ሙሉ ቀን አጎንብሶ ለሚያርም ሰው ሰዓቱን መወሰን የንስሐ አባቱ ድርሻ ነው፤ የመንገደኛ ድርሻ አይደለም። ይልቁንስ መጠየቅ ያለብን ይህ ወጣት በዚህ አገር የንስሐ አባት አለው ወይ ብለን ነው።

በዚያው ጊዜ ሠራተኛውን የቀጠረው ሰው በሰዓቱ ይጾም ይሆናል፤ ያስቀድስም ይሆናል። ነገር ግን አጨዳው ካለቀ በኋላ ደመወዙን ነገ ዛሬ እያለ ቢያቆይ፣ ወይም ከተዋዋሉት ላይ ቢቀንስ፣ ጾሙ በየትኛው ሚዛን ይመዘናል? የኦሪት ሕግ የድሀው ምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል ያዝዛል (ዘዳ. 24፥15)። ሐዋርያው ያዕቆብም እርሻ ያጨዱ ሠራተኞች የተቀማ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። ይህ መልእክት ለሰሊጥ አገር የተጻፈ ያህል ይመስላል።

እዚህ ላይ ሰበካ ጉባኤም ከተጠያቂነት አያመልጥም። እንበልና አንድ አጥቢያ የሕንፃ ሥራ ጀምሯል፤ ጣሪያው ይቀረዋል። ደመወዝ የከለከለው ባለ ሀብት ብዙ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ወንበር እንስጠው? በዐውደ ምሕረት ላይ ስሙን እንጥራው? ገንዘቡን የተከለከለው ወጣት በር ላይ ቆሞ ይሰማል። የወርቅ ቀለበት ላደረገው የክብር ስፍራ፣ እድፍ ልብስ ለለበሰው የእግር መረገጫ መስጠት ክፉ ዐሳብ ያለው ዳኛ መሆን እንደሆነ ሐዋርያው አስጠንቅቆናል (ያዕ. 2፥2-4)። ጌታችንም ከአዝሙድና ከከሙን ዐሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ወቅሷል፤ ዐሥራቱን ግን ተዉ አላለም፤ ይህን እያደረጉ ያንንም አለመተው እንደሚገባ ተናገረ (ማቴ. 23፥23)። ጣሪያውም ይሠራ፤ ደመወዙም ይከፈል።

ከአባ ሙሴ ጸሊም የምንማረው

ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ሙሴ ጸሊም ከመመንኮሱ በፊት ወንበዴ ነበረ። በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ ከታወቁት አባቶች አንዱ ሆነ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ መነኩሴ በድሎ አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ፤ ሙሴንም አስጠሩት። እርሱ ግን እምቢ አለ። ደጋግመው በላኩበት ጊዜ የተቀደደ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ አሸዋውም ከኋላው እየፈሰሰ መንገዱን ሞላ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ የእኔ ኃጢአት እንዲህ ከኋላዬ ሳላየው ይፈሳል፤ እኔ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ የሚል መልስ ሰጣቸው። አባቶችም ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ሙሴ ጉባኤውን አልሰደበም፤ የወንድሙንም በደል በደል አይደለም አላለም። የራሱን ሸክም ብቻ አሳየ። ዛሬ በበረሃ የሚኖር ወጣት ሁሉ ሽፍታና ሌባ መስሎ በሚታይበት ጊዜ፣ ከቅዱሳን አንዱ በወጣትነቱ ማን እንደነበረ ማስታወስ ይጠቅመናል።

አለመፍረድ ዝም ማለት አይደለም

ይህን ትምህርት ጥፋቱን ለመሸፈን የሚጠቀምበት ሰውም አለ። የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ ሲጎድል፣ ሒሳብ ሲጠየቅ፣ አትፍረዱ ተብሏል እያለ ይከላከላል። ይህ ራሱ ሌላው የግብዝነት መልክ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ አብረው የሚሠሩት የቤተ ክርስቲያን ሀብት በጋራ እንዲጠበቅ ነው። ሒሳብ መመርመር በሰው ነፍስ ላይ መፍረድ አይደለም። ቁጥርን እንመረምራለን፤ ነፍስን ለፈጣሪዋ እንተዋለን።

ወንድም ሲበድልም የምንሄድበትን ሥርዓት ጌታችን አስተምሮናል። በመጀመሪያ ለብቻው፣ ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ፊት፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን (ማቴ. 18፥15-17)። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ሰውየው ከመስማቱ በፊት ሰፈሩ ይሰማል። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት ሲገባ ስለ አንዲት የድሀ በግ ነገረው። ዳዊት በሌላ ሰው ላይ የሚፈርድ መስሎት የሞት ፍርድ ፈረደ፤ የፈረደውም በራሱ ላይ ነበር (2ኛ ሳሙ. 12)። ናታን ለድሀ ጠንካራ፣ ለንጉሥ ለስላሳ አልሆነም። የሠራተኛውን ስካር በዐውደ ምሕረት የሚገሥጽ ሰባኪ ደመወዝ የያዘውንም ሰው በቤቱ ሄዶ ሊመክረው ይገባል።

ለአጥቢያዎች የምናሳስበው

በመጪው የእርሻ ወቅት እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የሚከተሉትን በስብሰባው ቢመክርባቸው እንወዳለን።

1. ለወቅታዊ ሠራተኞች የንስሐ አባት የሚሆኑ ካህናት አስቀድመው ይመደቡ፤ ትምህርትም እነርሱ ከእርሻ በሚመለሱበት ሰዓት ይዘጋጅ።
2. ከበሩ ቆሞ እንግዶችን ስማቸውን ጠይቆ ወደ ውስጥ የሚያስገባ አገልጋይ ይኑር።
3. ትኩሳቱ የረዘመበትና የከሳ ሰው ሲገኝ ጸሎት ተደርጎለት በአፋጣኝ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ የሚያደርሰውም ሰው ይመደብ።
4. የደመወዝ አቤቱታ ሲቀርብ ካህናትና ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገኖች በእኩል ይስሙ፤ ስጦታ የሰጠም ያልሰጠም አይለይ።
5. በሌለ ሰው ላይ በስብሰባ አይነገር፤ መነገር ካለበትም ሰውየው ይጠራ።
6. ሰበካ ጉባኤው የሌላውን ጥፋት ከማንሣቱ በፊት የራሱን ሒሳብ ለምእመናን ያንብብ።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በዚያን ዕለት የእግሩ ባለቤት ጾሟል ወይስ አልጾመም፣ የመጣውስ ከየት ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ጌታችንም አሳልፎ የሚሰጠውን ይሁዳን እያወቀ እግሩን አጥቧል። ከበሩ ውጭ የሚቆመው ወጣት እግር በቆላው ጥቁር አፈር የተሸፈነ ነው። ሊታጠብ የሚገባው እግር ይህ ነውና በሩን እንክፈትለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።