የብራና መጻሕፍት መዝጋቢ፦ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ

የአምባራስም ሆነ የሸዋ አጥቢያ፣ የብራና መጻሕፍቱ የሚቀመጡት በዕቃ ቤት ነው። የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ፣ በውስጡም ምን እንደ ተጻፈ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ በአብዛኛው በቃሉ ያውቃል፤ እርሱ ሲያርፍ ግን ዕውቀቱም አብሮት ይቀበራል። ዛሬ የምናነሣቸው ሊቅ ይህን ዕውቀት በጽሑፍ ለማኖር ዕድሜያቸውን የሰጡ ናቸው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው በሸንኮራ ተወልደው በቅድስት ሥላሴ፣ በካይሮና በጀርመን ተምረዋል። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ በጥይት ቆሰሉ፤ ከዚያ ወዲህ በእግራቸው አልሄዱም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ የካቶሊክ መነኮሳት ባቋቋሙት የሂል ቤተ መጻሕፍት ማገልገል ጀመሩ። በዚያም ከሀገራችን አድባራትና ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሡ፣ በሺዎች የሚቈጠሩ መጻሕፍት ይጠብቋቸው ነበር።

ካታሎግ ማዘጋጀት አርእስት መልቀም ብቻ እንዳይመስለን። በአንድ ጥራዝ ውስጥ ተአምር፣ መልክዕ፣ በኅዳጉም የርስት ውል ተቀላቅሎ ይገኛል። መዝጋቢው ቅጠል በቅጠል ያነባል፤ ጸሐፊው ዘመኑን ባይነግረውም ከፊደሉ ቅርጽ፣ ከተጠቀሱት ነገሥታትና ጳጳሳት ስም ይረዳዋል። ከዊልያም ማኮምበር ጋር የደከሙበት ካታሎግ በ10 ቅጽ ታትሞ እስከ 5,000ኛው ቁጥር ደርሷል።

መዝግበው ብቻ አልተዉም፤ የግእዙን ድርሳናት እያረሙ አሳተሙ፣ የደቂቀ እስጢፋኖስንም ገድል ወደ አማርኛ መለሱ። በዚህ ሥራቸው ላይ ከእርሳቸው ጋር የማይስማሙ ሊቃውንት አሉ፤ ተቃዋሚውም ግን ምንጩን የሚያገኘው እርሳቸው በሰጡት ቁጥር ነው። ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፉ።